ለመንጋጋ ህመም ለምን "የድብርት መድሃኒት" ይታዘዛል?
መንጋጋዬን አሞኝ ሄጄ የድብርት መድሃኒት ሰጡኝ ብላችሁ የምትደነግጡ ብዙ ናችሁ፣ አይፈረድባችሁም ስሙ ነው የሚያሳስተው። አሚትሪፕቲሊን የሚባለው ይሄ መድሃኒት መጀመሪያ የወጣው ለድብርት ነው ግን በትንሽ መጠን ሲወሰድ የህመም ስሜት የሚያመላልሱትን ነርቮች ያረጋጋል፣ እንቅልፍም ይሰጣል። ለድብርት ብዙ ጊዜ 75 ሚሊግራምና ከዛ በላይ ነው፣ ለቆየ የመንጋጋ ህመም ግን ማታ ማታ ከ10 እስከ 25 ነው የሚጀመረው። ስለዚህ ሀኪሙ ህመምሽ የጭንቅላት ፈጠራ ነው እያለሽ አይደለም እሺ።

ችግሩ እንደ ህመም ማስታገሻው ዲክሎፌናክ በሰዓታት ውስጥ አይሰራም ሳምንታት ይፈልጋል፣ ሰው ደሞ በአራተኛው ቀን ምንም አልሰራም ብሎ ይተወዋል፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ሊያደነዝዝ ይችላል። የልብ ችግር ወይ ግላኮማ (የዓይን ግፊት በሽታ) ካለባችሁ፣ ትራማዶልም (ጠንካራ የህመም ማስታገሻ) ሆነ ሌላ መድሃኒት ከወሰዳችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፣ በራሳችሁም ድንገት አታቋርጡት።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደሞ ስማቸው ይለያይ እንጂ አንድ ዘር ናቸው፣ በፍፁም አብራችሁ እንዳትወስዱ፣ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ያለ ሀኪም ክትትል ለወራት የሚዋጡም አይደሉም።