ኮንቨርጀንስ ዞን ምንድን ነው? ሊንውድ ዶፍ ሲወርድ ሬንተን ለምን ፀሐይ ይሆናል?

ሲያትል አካባቢ የምትኖሩ ይሄን ክርክር ታውቁታላችሁ። ሚያዝያ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ሊንውድ ያለው ጓደኛ «ዶፍ ነው የሚወርደው፣ ዛሬ ከቤት አልወጣም» ይላል። ሬንተን ያለችው ደግሞ «የምን ዝናብ? ልጆቹን ይዤ ፓርክ ነኝ» ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መንገዱ ካልተጨናነቀ በመካከላቸው አርባ ደቂቃ እንኳን የለም።

ይሄን የሚያመጣው ነገር የፒውጀት ሳውንድ (ሲያትል ዳር ያለው የባሕር ወሽመጥ) ኮንቨርጀንስ ዞን ይባላል። የቴሌቪዥን የአየር ትንበያ አቅራቢዎች «ኮንቨርጀንስ ዞን» ብለው፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስል፣ ሳያብራሩ ያልፉታል። ባጭሩ፣ ተራራ ለሁለት የከፈለው ነፋስ ከተራራው ጀርባ መልሶ ሲገጣጠም የሚፈጠር ጠባብ የዝናብ መስመር ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው ክሊፍ ማስ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጉዳይ ጥናት አሳትሟል፣ ከዚያም ወዲህ ስለ አካባቢው አየር ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው።

እስቲ ከተራራው እንጀምር። ከሲያትል በስተምዕራብ፣ ውሃውን ተሻግሮ፣ የኦሎምፒክ ተራሮች አሉ። ከነሱ ወዲያ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ነው። ትልቁ ጫፍ ማውንት ኦሊምፐስ 2,432 ሜትር ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ይሄ ምንም አይደለም፣ ቁርሱን የሚበላው እዚያው ከፍታ አካባቢ ነው። ልዩነቱ እነዚህ ተራሮች የሚነሱት ከባሕር ጠርዝ መሆኑ ላይ ነው። ዝቅ ብሎ ከውቅያኖስ የሚመጣ ነፋስ ገና መሬት ከመርገጡ ፊት ለፊት ይጋረጡበታል።

ነፋሱ ከምዕራብ ወይም ከሰሜን ምዕራብ ሲመጣ ከፊሉ ተራራውን እየወጣ የያዘውን ውሃ እዚያው ያራግፋል። ሆህ የሚባለው ጫካ በዓመት ከ3 ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኘው ለዚህ ነው። ከተራራው ጀርባ ያለችው ስኩዊም የምትባል ትንሽ ከተማ ግን፣ ከሆህ 100 ኪሎ ሜትር ሳትርቅ፣ በዓመት የምታገኘው 400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ተራራው ዝናቡን በልቶባታል።

የቀረው ነፋስ መውጣቱን ትቶ ይዞራል፣ ወንዝ መሃል የተቀመጠ ትልቅ ድንጋይ ውሃውን ግራና ቀኝ እንደሚከፍለው። አንዱ በሰሜን በኩል በሁዋን ደ ፉካ ሰርጥ ይገባል። ሌላው በደቡብ፣ በቼሃሊስ ወንዝ በኩል ባለው ዝቅተኛ ቦታ ሾልኮ ያልፋል። ወደ ምስራቅ ቀጥ ብለው እንዳይሄዱ ደግሞ የካስኬድ ተራሮች አሉ። ስለዚህ ሰሜኑ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፣ ደቡቡም ወደ ሰሜን፣ እና ፒውጀት ሳውንድ ላይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ። እዚያ ሲደርሱ መሄጃው ወደ ላይ ብቻ ነው። ወደ ላይ የወጣ እርጥብ አየር ይቀዘቅዛል፣ ዳመና ይሆናል፣ ይዘንባል። በቃ፣ ነገሩ ይሄው ነው።

መገናኛቸው አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ሲያትል እስከ ኤቨረት ባለው መሃል ነው። ሾርላይን፣ ኤድመንድስ፣ ሊንውድ፣ ማውንትሌክ ቴራስ። ብዙ ሀበሻ ያለበት የደቡቡ ሠፈር፣ እነ ሬኒየር ቫሊ፣ ተክዊላ፣ ሬንተን፣ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። የሰሜኑ ነፋስ ከበረታ መስመሩን እየገፋ ወደ ደቡብ ያወርደዋል፣ ጠዋት ኤቨረት ላይ የነበረው ዝናብ ከሰዓት ዳውንታውን ይደርሳል።

በአይ-ፋይቭ አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን የነዳ ሰው ይሄን በዓይኑ አይቶታል። ኖርዝጌት ላይ አስፋልቱ ደረቅ ነው፣ የፀሐይ መነጽር አድርገሃል። ከፊትህ ግን ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል፣ ጥቁሩ የት እንደሚጀምር በጣት ማሳየት ይቻላል። ሾርላይን ስትገባ ጥቂት ትላልቅ ጠብታዎች፣ ከዚያ የመስታወት መጥረጊያው የመጨረሻ ፍጥነት ላይ ሆኖም አይበቃም፣ ከዚያ ጠጠር በረዶ ጣራውን ይደበድበዋል፣ መንገዱ ዳር ነጭ ይሆናል፣ አንዳንዴ መብረቅም አለው፣ መኪና ሁሉ ፍሬን ይዞ እያዘገመ ነው። ጥቂት ማይል። ኤቨረት ስትደርስ ፀሐይ። መውጫው ላይ እየዘነበ ፀሐይ ካየህ «ጅብ ወለደች» ማለት ያምርሃል።

ለምን ስፕሪንግ ላይ ይበዛል? መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ፀሐይዋ ጉልበት አግኝታ መሬቱን ታሞቃለች። ከላይ ያለው አየር ግን ገና የዊንተሩን ብርድ አልለቀቀም። ታች ሞቅ ያለ፣ ላይ የቀዘቀዘ አየር ሲሆን፣ ትንሽ ወደ ላይ የተገፋ ነገር ሁሉ በራሱ ጊዜ ሽቅብ ይነጉዳል። ሁለቱ ነፋሶች የሚሰጡት ያንን የመጀመሪያ ግፊት ነው። ከፓሲፊክ የሚመጣው ነፋስም በነዚህ ወራት ወደ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ የሚያዘነብልበት ቀን ይበዛል።

ሰውን የሚያናድደው ሰዓቱ ነው። ኮንቨርጀንስ ዞን የሚመጣው በአብዛኛው ዋናው ዝናብ ካለፈ በኋላ ነው። ትንበያው «ከሰዓት በኋላ ይጠራል» ይላል፣ እውነትም ለአብዛኛው ሰው ይጠራል። ልብሱን አጥቦ ውጭ ያሰጣው የሊንውድ ሰው ብቻ ይቀጣል። በኔ አስተያየት ጥፋቱ የትንበያ ባለሙያዎቹ አይደለም። ጥፋቱ ስልካችን ላይ ያለው መተግበሪያ ነው፣ «ሲያትል» ብሎ ለዚያ ሁሉ አካባቢ አንዲት የዳመና ሥዕል ይለጥፋል።

በነገራችን ላይ ሲያትል በዓመት የምታገኘው ዝናብ ወደ 1,000 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከአዲስ አበባ ያነሰ። አዲስ አበባ ግን አብዛኛውን በክረምት አራግፋ ትጨርሳለች፣ ሲያትል ለወራት በካፊያ ታንጠባጥበዋለች።

ነፋስ ለነፋስ የሚገናኝበት ቦታ ለኛም እንግዳ አይደለም። ቀይ ባሕር ላይ፣ ግራና ቀኝ ባሉት ተራሮች መሃል፣ ከሰሜን ምዕራብ የሚወርደው ነፋስ ከደቡብ ምስራቅ ከሚመጣው ጋር የሚጋጠምበት ቀጠና አለ። ደጋው በበጋ ደርቆ ምጽዋ ላይ የሚዘንበው አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

ቀድሞ ማወቅ ይቻላል? በመጠኑ። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ውቅያኖሱ ዳር፣ ለምሳሌ ሆኪየም ላይ፣ ነፋሱ ከምዕራብ እስከ ሰሜን ምዕራብ ባለው አቅጣጫ ከመጣ ጠርጥሩ። ከሥዕሏ ይልቅ ራዳሩን ክፈቱ፣ ከምዕራብ ወደ ምስራቅ የተዘረጋ ቀጭን መስመር ሰሜን ሲያትል ላይ ቆሞ ታያላችሁ። የሲያትሉ ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ (የመንግሥት የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት) ቢሮም በየቀኑ በጽሑፍ ማብራሪያ ያወጣል፣ ኮንቨርጀንስ ዞን የሚጠብቁ ከሆነ እዚያ ላይ ስሙን ጠርተው ይጽፉታል።

መስመሩ ምስራቁን ይዞ ካስኬድ ላይ ሲደገፍ ነገሩ ይከብዳል። ካስኬድን የሚያሻግረው የተራራ መተላለፊያ፣ ስኖኳልሚ ፓስ፣ 921 ሜትር ብቻ ነው፣ ሚያዝያ ላይ ግን ታች ካፊያ ሲሆን እዚያ በረዶ ሊጥል ይችላል። ስቲቨንስ ፓስም እንደዚያው። ወደ ያኪማ ወይም ስፖኬን የምትነዱ ከሆነ የስቴቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ፓሶቹ ላይ የተከላቸውን ካሜራዎች ከመነሳታችሁ በፊት እዩ፣ የዊንተሩን ጎማም ለመቀየር አትቸኩሉ።