«ጄሪ ስፕሪንገር፦ ኦፔራው» ምንድን ነው?

አንድ ሰው ካሜራ ፊት ተቀምጦ ለእጮኛው «ከሌላ ሴት ጋር ነበርኩ» ብሎ ይናዘዛል። ያቺ ሌላ ሴት ከመጋረጃ ጀርባ ብቅ ትላለች፤ ከእሷ ኋላ ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ሦስተኛ ሰው ይመጣል። ስድብ ይዘንባል፣ ወንበር ይወረወራል፣ ተመልካቹ ያጨበጭባል፣ ጠባቂዎች መሐል ገብተው ይገላግላሉ። ጄሪ ስፕሪንገር የሚያቀርበው ይህን የመሰለ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ነበር። ያንኑ ጠብ፣ ስድቡን ሳያለዝብ፣ በሠለጠኑ የኦፔራ (በዜማ የሚቀርብ ተውኔት) ድምፃውያን ጉሮሮ ያሳለፈው የመድረክ ሥራ «ጄሪ ስፕሪንገር፦ ኦፔራው» ይባላል።

ሙዚቃውን የደረሰው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ቶማስ ነው፤ ቃለ ተውኔቱን ከኮሜዲያኑ ስቱዋርት ሊ ጋር ጻፈው፣ ሊ ደግሞ አዘጋጀው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) በ2001 ለንደን ውስጥ በአንድ አነስተኛ የኪነ ጥበብ ማዕከል በሙከራ መልክ ተጀመረ፣ በ2002 በኤዲንብራ ፌስቲቫል ታየ፣ በ2003 የእንግሊዝ ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ወጣ። በ2004 የምርጥ አዲስ ሙዚቃዊ ተውኔትን ጨምሮ ትልቁን የእንግሊዝ የቴአትር ሽልማት፣ ኦሊቪየን፣ በአራት ዘርፍ ወሰደ።

ጄሪ ስፕሪንገር በእውን የነበረ ሰው ነው። ከናዚ ጀርመን ከሸሹ አይሁዳውያን ወላጆች በ1944 ለንደን ተወልዶ አሜሪካ አደገ፤ በ1977 የሲንሲናቲ ከተማ ከንቲባ ሆነ። በስሙ የሚጠራው ፕሮግራም በ1991 ሲጀመር ስለ ፖለቲካና ስለ ማኅበራዊ ጉዳይ የሚወያይ ጨዋ ፕሮግራም ነበር። ተመልካች ሲጠፋ ወደ ገመና ዞረ፤ ገበያውም ደራለት። እስከ 2018 ዘለቀ፤ ስፕሪንገር ራሱ በ2023 አረፈ።

ኦፔራ ከዚህ ሁሉ ጋር ምን አገናኘው? ብዙ ሰው ኦፔራን የባለጸጋና የጨዋ ሰው ሙዚቃ አድርጎ ያስባል። ታሪኮቹን ቀርቦ ላየ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ጣሊያን አገር ከተጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ቅናት፣ ክህደት፣ ምቀኝነትና በቀል የኦፔራ ዋና ቀለብ ናቸው። ለእኛ ቅርብ የሆነውን የጣሊያናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የቨርዲን «አይዳ» እንውሰድ፤ በ1871 ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ማለቴ ነው። አይዳ ተማርካ ግብፅ የገባች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። የግብፁን የጦር አዛዥ ትወዳለች፣ እሱም ይወዳታል። የፈርዖኑ ልጅ አምነሪስም ትወደዋለች፤ አይዳ ደግሞ የእሷው አገልጋይ ናት። አምነሪስ ምስጢሩን ለማውጣት «ሰውየው ሞቷል» ብላ ዋሽታ የአይዳን ፊት ታነባለች። ሦስቱን ከነልብሳቸው አምጥተን ስቱዲዮ ብናስቀምጣቸው ለአንድ ሰዓት ፕሮግራም ይበቃሉ። (ሰፈራችን በአይዳዎች የተሞላ ነው፤ ባለታሪኳ በመጨረሻ ከነሕይወቷ መቃብር ውስጥ እንደምትዘጋ ስንቱ ወላጅ ያውቅ ይሆን?)

ቶማስ የሠራው ሥራ ይህን ዝምድና መግለጥ ነው። የቴሌቪዥን እንግዶቹ ኑዛዜ ብቸኛ ዜማ ሆነ፤ የእንካ ስላንትያ ልውውጡ የሁለትና የሦስት ሰው ዜማ ሆነ፤ የስቱዲዮው ተመልካች ደግሞ የድሮ የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን መዝሙርን የሚያስታውስ ታላቅ ኅብረ ድምፅ ሆነ።

የዚህን ኅብረ ድምፅ ጉልበት ለመረዳት እኔ የምኖርበትን የካ አባዶን ማየት ይበቃል። ከከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ውሃ በፈረቃ ይመጣል። በመጣ ዕለት አንዷ ጀሪካኖቿን ደርድራ ተራ ይዛለች፤ ሌላዋ ቀድማ ቧንቧው ሥር ታስቀምጣለች። ጠቡ የሁለት ሰው ነው፤ ግን ወዲያው በረንዳው ሁሉ ሰው ይሆናል። ልብስ የምታሰጣዋ የልብስ መቆንጠጫ አፏ ላይ ይዛ «እውነቷን ነው!» ትላለች። ከአራተኛ ፎቅ «አንቺስ ባለፈው ምን አድርገሽ ነበር?» የሚል ይወርዳል። ከፊት ለፊቱ ሕንፃ ስለ ውሃው ምንም የማያገባቸው ሰዎች ይቀበላሉ። በመጨረሻ የሁለቱ ድምፅ ተውጦ የሚሰማው ሕንፃው ነው። በኦፔራውም እንዲሁ ተመልካቹ ይፈርዳል፣ ይሳደባል፣ ያዝናል፣ መልሶ ይሳደባል።

ጄሪ ራሱ ግን ከሞላ ጎደል አይዘፍንም። ሁሉም በዜማ ሲነድድ እሱ ወረቀቱን ይዞ በተራ ንግግር ይጠይቃል። በሥራው ውስጥ ካሉት ብልሃቶች ለእኔ የሚበልጠው ይህ ነው፤ እሳቱን የሚያነድደው ሰው ላብ አይወጣውም።

«ታዲያ ፌዝ ነው?» ለሚል፣ አዎ፣ ፌዝ ነው፤ ያም ሆኖ ሙዚቃው አይቀልድም። አንዲት ኑሮ ያታከታት ሴት የጭፈራ ቤት ዳንሰኛ መሆን እንደምትመኝ ትናገራለች። በቴሌቪዥኑ ይህ ለሳቅና ለፉጨት የሚሆን ነበር። እዚህ ግን ምኞቷን ለንግሥት በሚገባ ዜማ ስለምትዘፍነው፣ የሳቀው ሰው ሳቁን የት እንደሚያደርሰው ይቸግረዋል። ሙዚቃው ደካማ ቢሆን ኖሮ ሥራው ተራ ስድብ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ሌላ ጣጣ ነው። ጄሪ በጥይት ተመትቶ ሲኦል ይወርዳል፤ ሰይጣን እዚያ ፕሮግራም እንዲመራለት ያስገድደዋል። የሚቀርቡት እንግዶች ከመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቃቸው ናቸው፤ ኢየሱስና ማርያምም አሉበት፤ እንደ መጀመሪያው ክፍል እንግዶችም ይነታረካሉ። ለአማኝ ጆሮ ይሰቀጥጣል፤ መሰቀጠጡንም ደራሲዎቹ ያውቁታል። ቢቢሲ በጃንዋሪ 8 ቀን 2005 በቴሌቪዥን ሲያስተላልፈው ከ50 ሺህ በላይ ቅሬታ ቀረበ፤ አብዛኛው የመጣው ገና ከመታየቱ በፊት ነው። አንድ የክርስቲያኖች ማኅበር ጉዳዩን በስድበ መለኮት ወንጀል ለማስከሰስ ሞከረ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2007 አልተቀበለውም። በዓመቱ እንግሊዝና ዌልስ የስድበ መለኮት ወንጀልን ከሕጋቸው አወጡት። እኔ ይህን ክፍል ያነሰ የምወደው ግን በድፍረቱ አይደለም፤ የመጀመሪያው ክፍል ለሰው የነበረው ርኅራኄ እዚህ ላይ ስለሚሳሳ ነው።

መንገዱ አዲስ አይደለም። በ1728 ጆን ጌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሌቦችንና ሴተኛ አዳሪዎችን የመንገድ ዜማ እያዘፈነ የጣሊያን ኦፔራንም የጊዜውን ሹማምንትም ተሳለቀባቸው፤ ተከታዩ ሥራው ከመድረክ ታገደ። ልክ በሁለት መቶ ዓመቱ በርሊን ላይ ጀርመናውያኑ ጸሐፌ ተውኔት ብሬሽትና የሙዚቃ ደራሲ ቫይል ያንኑ ታሪክ በጃዝ ለውሰው አቀረቡት። እኛም ቢሆን ከእገዳ ጋር ሩቅ አይደለንም፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» በአውሬዎች አፍ ባለሥልጣናትን ስለነቀፈ ታግዷል።

ይህን ዓይነት ሥራ በአማርኛ የሚሞክር ቢመጣ ተሳዳቢም፣ አልቃሽም፣ ተቀባይም አያጣም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው «ተቀበል!» ብሎ የጎረቤቱን ገመና በግጥም ሲያቀብል ማንም አይቶታል። ባለትዳሮች ተካሰው የሚታረቁበት፣ የጠፋ አባት የሚገኝበት ፕሮግራምም በየቴሌቪዥኑና በዩቲዩብ ሞልቷል። የሚቸግረው ጄሪን የሚጫወት ሰው ማግኘት ነው፤ የእኛ አገር አቅራቢ ከእንግዳው ጋር አብሮ ያለቅሳል።