የአክቹዌተር የጉልበት ጣሪያ ምንድን ነው?

ጉንዳኗ እንደገና መጣች። ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ስለ ሮቦት ሲያወራ፣ «ጉንዳን ከክብደቷ ብዙ እጥፍ ትሸከማለች። በጉንዳን ጡንቻ ልክ የተሠራ ሮቦት መኪና በአንድ እጁ ያነሳል። የጎደለን ገንዘብ ነው» አለ። እዚህ ጅማ የማስተምራቸው ልጆችም ይህንኑ ይዘው ይመጣሉ። ዘንድሮ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አክቹዌተር የሚገፋ፣ የሚስብ ወይም የሚያዞር ነገር ሁሉ ነው። ክሪክ፣ ሞተሪኖ፣ የገልባጭ መኪና ሲሊንደር፣ የራሳችን ጡንቻ። ስለ ጥንካሬው ሲወራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ በካሬ ሴንቲ ሜትር ስንት ኪሎ ይገፋል? «ይኼኛው ከዚያኛው 100 እጥፍ ይበረታል» የሚል ወሬ ይህን ካልመለሰ ምንም አልነገረንም።

በክረምት ቡና የጫነ አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ሲገባ አይታችኋል። ሰው ተሰብስቦ «ሆ!» እያለ ከኋላ ይገፋል። የመኪናው ኋላ ግን ስድስት ሰው ቢይዝ ነው። ሰባተኛው ትከሻውን የሚያሳርፍበት ቦታ የለም። ስለዚህ ጠቅላላው ግፊት በሁለት ነገር ይወሰናል፦ ስንት ትከሻ ቦታ አገኘ፣ አንዱ ትከሻስ ስንት ይገፋል። የመጀመሪያው ስፋት ነው። ሁለተኛው የቁሱ ተፈጥሮ ነው። መሐንዲስ ስፋቱን ይጨምራል፤ የአንዱን ትከሻ አቅም ግን የሚወስነው ፊዚክስ ነው።

የሁሉንም ስፋት እኩል 10 ካሬ ሴንቲ ሜትር እናድርገውና እንያቸው። ጡንቻ 30 ኪሎ ገደማ ይስባል። የአይጥም ሆነ የዝሆን ጡንቻ በዚህ ብዙ አይለያይም (እንደ ሸርጣን መቆንጠጫ ያሉ ጥቂት ለየት ያሉ አሉ)። በ8 ባር (አንድ ባር በካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ገደማ ግፊት ነው) የታመቀ አየር 80 ኪሎ ይገፋል። በ300 ባር የሚሠራ የዘይት ክሪክ 3 ቶን ያነሳል። ያው የክሪክ ፒስተን በእጅ መዳፍ የሚሸፈን ነው፣ ከላዩ ግን የተጫነ መኪና አለ።

ብዙ ክርክር የሚነሳው ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ላይ ነው። «ኤሌክትሪኩን ብንጨምርበትስ?» ይሉኛል። ብረት ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ማግኔቶች እንደ ገፊዎቹ ናቸው። ኤሌክትሪኩ ደግሞ «ሆ!» የሚለው ጩኸት ነው። መጀመሪያ ላይ ጩኸቱ በጨመረ ቁጥር ፊቱን የሚያዞር፣ የሚያግዝ ይበዛል። ወደ 2 ቴስላ (የማግኔት ብርታት መለኪያ) ሲደርስ ግን ሁሉም ዞረው አልቀዋል። ብረቱ ጠግቧል። ከዚያ በላይ ብትጮህ የምታገኘው በአብዛኛው ሙቀት ነው፤ የሽቦው ሽፋን ይቃጠላል። በ2 ቴስላ ያለው ግፊት በካሬ ሴንቲ ሜትር 16 ኪሎ ገደማ ነው። በ10 ካሬ 160 ኪሎ መሆኑ ነው። ይህም ማግኔቱ ፊት ለፊት ሲስብ ነው። በሚዞር ሞተር ውስጥ ወደ ጎን የሚጎትተው ኃይል ብዙውን ጊዜ በካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎም አይሞላም። ስካቫተር ክንዱን በዘይት የሚያንቀሳቅሰው ለዚህ ነው። ሱፐርኮንዳክተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ያለ እንቅፋት የሚያሳልፍ ሽቦ፣ ከ2 ቴስላ ያልፋል፤ ያኔ ደግሞ የሽቦውን ጥቅልል ራሱን ሊበታትን የሚገፋ ኃይል ይመጣል።

ማርሽ ቢጨመርስ? ማርሽ ጉልበት አይፈጥርም፤ ፍጥነትን ቀንሶ በግፊት ይመነዝራል። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ «ምን ያህል ርቀት?» ነው። ፒዞ የሚባለው፣ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው የሚለጠጥ ክሪስታል ክሪክን የሚያህል ግፊት አለው። ግን 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ክሪስታል የሚንቀሳቀሰው የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ትከሻው ብርቱ፣ እርምጃው ግን የፀጉር ስፋት የሆነ ሰው ማለት ነው። አይሱዙው ከጭቃው አይወጣም። ጡንቻ ግፊቱ ደካማ ቢሆንም ከርዝመቱ 20 በመቶ ያህል ያጥራል፤ ለሩጫ የሚበጀውም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጉንዳኗ። ርዝመት 10 እጥፍ ሲያድግ የጡንቻው ስፋት 100፣ ክብደቱ ደግሞ 1000 እጥፍ ያድጋል። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ጋሊሊዮ ይህን እ.ኤ.አ. በ1638 ጽፎታል። 5 ሚሊ ሜትር የምትረዝም ጉንዳን የክብደቷን 20 እጥፍ ታነሳለች እንበል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ70 እንዲሆን 340 ጊዜ እናሳድጋት። ከክብደቷ ጋር ሲነጻጸር ጉልበቷ 340 ጊዜ ይቀንሳል። የራሷን ክብደት 6 በመቶ ያህል ብታነሳ ነው። መኪናው ይቅርና መቆምም አትችልም። ጉንዳን የበረታችው ትንሽ ስለሆነች ነው። ጡንቻዋ ውስጥ የሚሰረቅ ምስጢር የለም። ገንዘብም ይህን አይለውጠውም።

የመጨረሻው ጣሪያ አቶሞችን የያዘው ትስስር ነው። ለብረት በስሌት በካሬ ሴንቲ ሜትር 200 ቶን አካባቢ ይደርሳል። የምንገዛው ብረት ግን ውስጡ እንከን ስላለበት ወደዚያ አይጠጋም። ሲሊንደር ደግሞ ከዚያም በፊት ይሸነፋል። ዘንጉ ረጅም ከሆነ ይጎብጣል፣ ወይም ጎሚኒው (ዘይቱ እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ) ይበላል። ቆሻሻ የገባበት ዘይት ጎሚኒ ሲጨርስ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ዘይት የሚተፋ ቱቦም በእጃችሁ አትዳስሱ፤ በዚያ ግፊት ዘይቱ ቆዳ በስቶ ይገባል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥርም፣ ጠንካራ ድጋፍ ሳታስገቡ፣ አትግቡ።