«200 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ድርጅት» ሲባል ምን ማለት ነው?

በድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ሽንኩርት በጅምላ የሚገዛ ሰው የጆንያውን አፍ አይቶ ብቻ ብር አይቆጥርም። እጁን እስከ ክርኑ ከትቶ ከሥር ያለውን ያወጣል፤ ይጨምቀዋል፣ ያሸተዋል። ከላይ የተደረደረው ሁልጊዜ ያማረ ነዋ! ይህ ጥንቃቄ የኢንተርኔት ኩባንያዎችን ዋጋ በምንሰማበት ጊዜም እንዲከተለን እፈልጋለሁ።

የኩባንያ ዋጋ ግምት ካዝና ውስጥ የተቀመጠ ገንዘብ አይደለም። አንድ ባለሀብት 10 ሚሊዮን ብር ከፍሎ 5 በመቶ ድርሻ ቢገዛ፣ ያልተሸጠው 95 በመቶም በዚያው ዋጋ ይታሰብና ድርጅቱ «200 ሚሊዮን ብር ያወጣል» ይባላል። ከኪስ የወጣው 10 ሚሊዮን ብቻ ነው። የቀረው በአብዛኛው ነገ ይመጣል የተባለ እድገት ነው። ተጠራጣሪ ባለሀብት ታዲያ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ የእድገቱን ወጪ የሚሸፍነው ማን ነው?

ከከፊራ አትክልት ገዝቶ በባጃጅ እስከ ሳቢያን ሰፈር በየቤቱ የሚያደርስ የስልክ መተግበሪያ ተከፈተ እንበል። በድሬዳዋ የቀትር ፀሐይ ማን ይጠላዋል? ድርጅቱ ለማድረሻ ከደንበኛው 60 ብር ይቀበላል፤ ለባጃጁ ግን 85 ብር ይከፍላል። በቀን 1,000 ትእዛዝ ሲያስተናግድ 25,000 ብር ይከስራል፤ 10,000 ሲደርስ ኪሳራው 250,000 ብር ይሆናል። ለባለሀብቱ የሚነገረው ግን «ደንበኞቻችን አሥር እጥፍ ሆኑ» የሚለው ነው። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። ይሁንና በየትእዛዙ የጎደለችውን 25 ብር የሚሞላው የባለሀብቱ ገንዘብ እስከሆነ ድረስ፣ ሰዉ የወደደው አገልግሎቱን ይሁን ርካሽነቱን ማወቅ አይቻልም። ዋጋው 90 ብር የገባ ዕለት ስንት ደንበኛ ይቀራል?

ተቃራኒውም አለ። አንዱ ባጃጅ በአንድ ጉዞ የአምስት ጎረቤታሞችን ትእዛዝ ቢይዝ ገቢው 300 ብር ይሆናል፤ የባጃጁ ክፍያ ትንሽ ቢጨምር እንኳ ትርፍ አለው። እንዲህ ያለው እድገት ዋጋ ይገባዋል። ስለዚህ መተግበሪያውን ስልካቸው ላይ ከጫኑት ሰዎች ብዛት ይልቅ በአንድ ጉዞ የሚደርሰውን ትእዛዝና በወሩ ተመልሶ የሚያዝዘውን ደንበኛ መቁጠር ይሻላል።

ዓለም ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ገዝቶታል። እ.ኤ.አ. በማርች 2000 ከ5,000 ነጥብ በላይ የነበረው፣ ብዙ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ያሉበት የአሜሪካው የናስዳክ ገበያ የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ በኦክቶበር 2002 ወደ 1,100 አካባቢ ወረደ። በኢንተርኔት የቤት እንስሳት ምግብ ከመግዣው በታች ይሸጥ የነበረው ፔትስ ዶት ኮም በፌብሩዋሪ 2000 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጦ በኖቬምበር ተዘጋ። በእርግጥ ጥርጣሬ ሁሉ ትክክል አልነበረም፤ በዚያው ዘመን የአማዞን አክሲዮን ከ100 ዶላር በላይ ከነበረበት ከ6 ዶላር በታች ቢወድቅም ኩባንያው ተርፎ ገነነ። ቢሮ እያከራየ እንደ ቴክኖሎጂ ኩባንያ የተገመተው ዊወርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ 47 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ነበር። በዚያው ዓመት አክሲዮን ለመሸጥ የሂሳብ ሰነዱን ሲገልጥ ግን ኪሳራው ታየ፤ ሽያጩም ተሰረዘ።

የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። አክሲዮን ልግዛ የምትሉ ወዳጆቼ፣ የድርጅቱ የሂሳብ ሰነድ እጃችሁ ሲገባ ከደንበኞች ብዛት በፊት የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱን ገጽ ፈልጉ፤ ድርጅቱ ከሥራው ገንዘብ ያስገባል ወይስ ያወጣል፣ የቀረውስ ስንት ወር ያዘልቀዋል?