«ቋሚ አበባ» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬ ደወሉልኝ። «ቋሚ ነው ብለህ የሸጥክልኝ ሰማያዊ አበባ ቋሚ አይደለም!» አሉ፣ ሰላምታውንም ሳይጨርሱ። ምን ሆነ ብላቸው፣ አበባው ረግፎ ቅጠሉ ብቻ ስለቀረ ነቅለው አጥር ሥር ጥለውታል። በእሳቸው አልፈርድም። ስለ ግቢ ውበት በአደባባይ የሚያስረዱ አንድ ሰው «ቋሚ አበባ ዓመቱን ሙሉ የሚያብብ ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቼ ዝም ብያለሁ።

ጌታው፣ ቋሚው ተክሉ ነው እንጂ አበባው አይደለም። ከሁለት ዓመት በላይ የሚኖር፣ አብቦ ዘር ከሰጠ በኋላም ሥሩ የማይሞት ተክል ቋሚ ይባላል። በቃ። ለስንት ጊዜ እንደሚያብብ ቃሉ ምንም አይናገርም። በግብርና ባለሙያ አፍ ማንጎም፣ ቡናም፣ ጌሾም ቋሚ ተክል ነው፤ ማንጎ ዓመቱን ሙሉ አላፈራም ብሎ የቆረጠ ሰው ግን አላየሁም።

ቋሚ ሠራተኛን አስቡት። ቋሚ ስለሆነ ሌት ተቀን ቢሮ አያድርም። የዓመት ፈቃድ ይወጣል፤ ወንበሩ ባዶ ሆነ ተብሎም አይሰናበትም። ፈቃድ ላይ ሆኖም ደመወዙ አይቋረጥም፤ ደመወዝ ያልኩት ውሃና ብስባሽ ነው። ኮስሞስ የሚባለው አበባ ግን የኮንትራት ነው። አንድ ወቅት ያብባል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይደርቃል። «በየዓመቱ ራሱ ይወጣል እኮ» ይሉኛል። የሚወጣው ልጁ ነው! አባትየው ውሉ ሲያልቅ ልጁን አስቀጥሮ ሄዷል።

ሴትዮዋ የነቀሉት አጋፓንተስ ነው፤ ከደቡባዊው አፍሪካ የመጣ፣ የሽንኩርት የሩቅ ዘመድ። ቅጠሉ እንደ ባሮ ሽንኩርት ረጅምና ለጥ ያለ ነው። ከመሐሉ ቀጥ ያለ ዘንግ ይወጣና ጫፉ ላይ ትናንሽ ሰማያዊ ጥሩንባዎች እንደ ኳስ ይሰበሰባሉ። ኳሱ ለጥቂት ሳምንታት ያምራል፤ የቀረውን ጊዜ ቅጠል ነው። አንዳንዱ ዝርያ ቅጠሉንም ጥሎ ከአፈር በታች ይከርማል፣ እሱም አልሞተም። ከዘር ከተነሣ የመጀመሪያውን አበባ ለማየት 3 ዓመት ገደማ ያስጠብቃል፤ የሙከራ ጊዜው ረጅም ነው። በ4 ወይም በ5 ዓመቱ ሲጨናነቅ ከነሥሩ ተከፍሎ ሌላ መደብ ላይ ይተከላል። በተዛወረበት ዓመት ሥራ ባይጀምር አትቆጡት።

ሌላው ስሕተት «ቋሚ ከሆነ አይሞትም» የሚለው ነው። ይሞታል። የአጋፓንተስ ሥር ውሃ ስለሚያጠራቅም የበጋውን ጥም ይችለዋል፤ እኛ ጋ የሚገድለው ክረምቱ ነው። ባሕር ዳር አብዛኛውን ዝናቧን ከሰኔ እስከ መስከረም ትጨርሳለች፤ ዋልካ አፈር ደግሞ ውሃውን ይዞ አይለቅም። ሥሩ እዚያ ውስጥ ይበሰብሳል። መደቡን አንድ ሁለት ስንዝር ከፍ አድርጉለት፣ ፀሐይም አትንፈጉት። ዩሪያ በላይ በላዩ የምትጨምሩም ተዉ፤ ቅጠሉ ይፋፋል እንጂ አበባ አያመጣም።

ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር፦ ቋሚነት በአገሩም ይወሰናል። ቃሪያ በተፈጥሮው ቋሚ ነው፤ ውርጭ ባለበት አገር ግን በአንድ ወቅት ያልቃል።

ሳትጠይቁኝ ሁለተኛ፦ አንድ ጎረምሳ ከጣና ዳር ያመጣውን ወይን ጠጅና ሰማያዊ የተቀላቀለበት አበባ በባልዲ ይዞ፣ «ይሄስ ቋሚ ነው?» ብሎኛል። ነው! ያውም ዋናው። እምቦጭ ነዋ! ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. የታየ። ከተቆረጠ ግንዱ እንደገና ይራባል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስላማረ ብላችሁ ወደ ግቢ ኩሬ እንዳትወስዱት። ባልዲውን እዚያው ደረቅ መሬት ላይ አስደፋሁት፤ ልጁ አኩርፎ ሄደ።

ወደ ሴትዮዋ ግቢ ሄድኩ። አጋፓንተሱ አጥር ሥር ለሦስት ቀን ፀሐይ ሲመታው ከርሟል፤ ቅጠሉ ጠውልጓል። ሥሮቹ ግን እርሳስ የሚያክሉ፣ ነጭ ናቸው። አንዷን በጥፍሬ ስሰብራት እርጥበቷ ጣቴን አራሰው። ለሴትዮዋ አሳየኋቸው፤ የጠወለገውን ቅጠል ቆርጬ እዚያው መደብ ላይ መልሼ ተከልኩት።

«እና መቼ ያብባል?» አሉኝ።

«ዘንድሮ እንኳ እንጃ፣ እትዬ።»

መደቡን አዩ፣ እኔን አዩ። አሁንም ቋሚ መሆኑን አላመኑም።