ያልተፈቀደ የስቶክ ምስል ማውረጃ ምንድን ነው?

እንደ ሹተርስቶክና ጌቲ ኢሜጅስ ያሉ የስቶክ ምስል ድርጅቶች፣ ማለትም አስቀድመው የተዘጋጁ ፎቶዎችን በክፍያ እንዲጠቀሙባቸው የሚያቀርቡ ኩባንያዎች፣ ገንዘብ ያልተከፈለበትን ፎቶ የሚያሳዩት ዋተርማርክ፣ ማለትም ደብዘዝ ያለ የድርጅቱን ስም፣ በላዩ ላይ አኑረው ነው። ያልተፈቀደ ማውረጃ የሚባለው የምስሉን ሊንክ ሲሰጡት ዋተርማርክ የሌለበትን ፋይል በነፃ አወጣለሁ የሚል ድረ ገጽ፣ ፕሮግራም ወይም የብራውዘር ኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ነው።

ብዙዎች የሚስቱት፣ ድርጅቶቹ የሚሸጡት ፋይሉን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃዱን መሆኑን ነው። «ሮያልቲ ፍሪ» የሚለው ስያሜ ራሱ ያሳስታል፤ ትርጉሙ አንዴ ከከፈሉ በኋላ በተጠቀሙ ቁጥር ዳግም አይከፍሉም እንጂ ምስሉ በነፃ ይሰጣል አይደለም።

ከማውረጃዎቹ አንዳንዶቹ ዋተርማርኩን በግምት ስለሚያጠፉት፣ ለምሳሌ ከዋተርማርኩ ሥር የነበረ የሰው ጣት ተጣሞ ወይም ተድበስብሶ ይወጣል። ሌሎቹ በተሰረቀ ወይም በጋራ በተያዘ አካውንት ገብተው ትክክለኛውን ፋይል ያመጣሉ፤ ይህኛው ይበልጥ አታላይ ነው፤ ምስሉ ጥርት ያለ ቢሆንም ፈቃዱ በተጠቃሚው ስም አልተመዘገበምና።

ያለ ፈቃድ የተጠቀሙበት ምስል ተቆርጦ ወይም ቀለሙ ተለውጦ ቢወጣም ሊገኝ ይችላል። ጌቲ ኢሜጅስ በ2011 እ.ኤ.አ. የገዛው ፒክስካውት የተባለ ኩባንያ ሥራው ይኸው፣ በኢንተርኔት ላይ የተበተኑ ምስሎችን ለይቶ ማግኘት ነበር። በአሜሪካ ሕግ መሠረት የቅጂ መብቱ በወቅቱ ለተመዘገበ አንድ ሥራ ፍርድ ቤት ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ጥሰቱ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ከሆነ ደግሞ እስከ 150,000 ዶላር ካሳ ሊወስን ይችላል። ዋተርማርክን ሆን ብሎ መፋቅም ራሱን የቻለ ጥፋት ሊሆን ይችላል።

በኮምፒውተሩ ላይ የሚመጣው አደጋ ግን ካሳ ከሚጠይቀው ደብዳቤም ከክሱም ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ዊንዶውስ የታወቁ የፋይል ቅጥያዎችን፣ ማለትም በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ዓይነቱን የሚያሳዩ ፊደላትን፣ በራሱ ስለሚደብቅ፣ ስሙ በ«ጄፒጂ» የሚያልቅ የሚመስለው ፋይል ከኋላው «ኢኤክስኢ» የሚል ቅጥያ ያለው ፕሮግራም ሊሆን ይችላል። ኤክስቴንሽኑ ደግሞ ሲጫን በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን ዳታ ለማንበብና ለመለወጥ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፤ ፎቶ ለማውረድ ብቻ ይህን ያህል ሥልጣን ለምን አስፈለገው? «ፍቀድ» የሚለውን የተጫነ ሰው የሚጽፈውን የይለፍ ቃልና የኢሜይሉን ይዘት ጭምር ለማያውቀው አካል ከፍቶ ሊሆን ይችላል።

ግራፊክ ዲዛይነሮች ከሁሉ አስቀድመው ሊያስቡበት የሚገባው ደንበኛቸውን ነው፤ ምስሉ የወጣው በደንበኛው ድረ ገጽ ላይ ስለሆነ የካሳ ጥያቄው የሚደርሰው ለእርሱ ነው፣ እርሱም ዲዛይነሩን የሚጠይቀው የፈቃዱን ደረሰኝ ነው።