«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፦ ቅርፊቱ ውስጥ ምን ይሆናል?

ለቸኮለ ሰው የምንለው ነው። ዛሬ እግር የሌለው ነገር ጊዜውን ሲያገኝ ይራመዳል ማለት ነው። የተወሰደውም ከታቀፈች ዶሮ ነው፤ 21 ቀን ተኝታበት ስትነሳ እንቁላል የነበረው እየተከተላት ይሄዳል።

አባባሉ ስለ ቅርፊቱ ውስጥ ዝም ቢልም፣ ቁም ነገሩ እዚያ ነው። አውራ ዶሮ ያልነካት ዶሮ የጣለችው እንቁላል አስኳሉ በሙሉ አንድ ሴል ነው፤ የሚበዛው ስንቅ ሲሆን ሕይወቱ ያለው ከላዩ ባለች ነጭ ነጥብ ላይ ነው። አውራ ካለ ግን ሴሉ ገና በዶሮዋ ሆድ ሳለ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያለ ይከፈላል፤ ሲጣል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎች ይዟል። ከታቀፈ በ2ኛው ቀን ልቡ ይመታል፣ በ3ኛው የእግሩ እምቡጥ ብቅ ይላል። የሚደንቀው የጣቶቹ ነገር ነው፤ እግሩ መጀመሪያ እንደ መቅዘፊያ ድፍን ነው፣ ጣቶቹ የሚለያዩት በመካከላቸው ያሉት ሴሎች በሥርዓት ስለሚሞቱ ነው። በዳክዬ ብዙዎቹ ስለማይሞቱ በጣቶቿ መካከል ቆዳ ይቀራል።

ይህን ለተማሪ ማሳየት የሚሻ የድሬዳዋ መምህር ፈተናው ሙቀት ነው። የሴሎቹ ክፍፍል የሚቆመው ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ነው፤ በግንቦትና በሰኔ የድሬ ክፍል ከ30 ስለሚያልፍ፣ ሳይታቀፍ የተቀመጠ እንቁላል ማደግ ይጀምርና መንገድ ላይ ይሞታል። ከፍታ ላይ ባለችው ሐረር ይህ ይቀላል። አውራ ካለበት ቤት የተገኘ እንቁላል ይመረጥ፤ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ቦታ፣ ሹሉን ወደ ታች አድርጎ፣ ቢበዛ 7 ቀን ማቆየት ነው። ማስፈልፈያው 37.5 ዲግሪ ይሁን፤ እስከ 18ኛው ቀን በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ ካልተገላበጠ ፅንሱ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር ይጣበቃል።

ለማይክሮስኮፕ የ3 ቀኑ ይሻላል። አንድ ሊትር ውኃ ላይ 9 ግራም ጨው በጥብጦ 38 ዲግሪ አካባቢ ማሞቅ፣ እንቁላሉን እዚያ ውስጥ ሰብሮ መሃሉ የተቀደደ ማጣሪያ ወረቀት ፅንሱ ዙሪያ ማኖር፣ በወረቀቱ ዳር ቆርጦ ማንሳት። በ4 እጥፍ ሌንስና በ10 እጥፍ የዓይን ሌንስ 40 ጊዜ ጎልቶ የሚመታው ልብ ይታያል። የ40 እጥፍ ሌንስ አይሞከር፤ ፅንሱ ወፍራም ስለሆነ ብርሃን በደንብ አያልፍበትም፣ ሌንሱም ፈሳሹን ይነካል።